ሳያነቡ ማረም

እስቲ ታሪኩን ከሚያስቀው ቦታ እንጀምረው። አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ጥቂት አንቀጾች ጻፉ። የጻፉትን ቀድተው ከሥሩ ለጠፉት፤ ደግመው ለጠፉት፤ እንዲህ እያሉ ያንኑ ጽሑፍ 37 ጊዜ ደረደሩት። አንድም አዲስ ሐሳብ ሳይጨምሩ ለእርማት ላኩት። አራሚው ከስድስት ስድስት ሰጣቸው።

አራሚው ሰው አልነበረም፤ ኢ-ሬተር የሚባል ሶፍትዌር ነው። ገመናውን ያወጣው ደግሞ ተቀናቃኝ ኩባንያ ወይም ውጤት የተበላሸበት ተማሪ አይደለም። የሶፍትዌሩ ባለቤት ኢ.ቲ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ የፈተና ድርጅት ራሱ ነው፤ እስቲ ማሽናችንን አሞኙት ብሎ ባለሙያዎችን ጋበዘ፣ የሆነውንም ሳይደብቅ በ2001 አሳተመው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለዚህ ግልጽነቱ ምስጋና ይገባዋል፤ ብዙ ድርጅት እንዲህ አያደርግም።

ኢ.ቲ.ኤስ. ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቶፍልንና ጂ.አር.ኢን የሚያዘጋጀው እርሱ ነው። ውጭ አገር ለመማር ያሰበ፣ ዶላር እንዴት እንደሚከፈል ዘመድ አዝማድ ያስቸገረ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ሰዓት እየቆጠረ ድርሰት የጻፈ ወጣት ሁሉ በእጁ አልፏል። ከ2009 ጀምሮ የቶፍል ድርሰትን ከሰው ጋር ሆኖ የሚያርመው ያ ባለ 37ቱ ኢ-ሬተር (የተሻሻለው ዘሩ ማለታችን ነው) መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ከየት እንደመጣ መመርመርም ይገባናል።

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ማሽኑ ድርሰት ማንበብ አቅቶት አይደለም የወደቀው። መጀመሪያውኑ እንዲያነብ አልተሠራም። የተሠራው አንድ አራሚ ምን ያህል ነጥብ እንደሚሰጥ እንዲገምት ነው። ነገር ግን ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ሰዎቹ አራሚዎች ራሳቸው እንዳያነቡ ተደርገው ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በ1961 ፖል ዲዴሪክ የተባሉ የኢ.ቲ.ኤስ. ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት አለ። የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች የጻፏቸውን 300 ድርሰቶች ሰበሰቡና ለ53 አንባቢዎች ሰጧቸው። አንባቢዎቹ መምህራን ብቻ አልነበሩም፤ የሕግ ባለሙያ፣ ነጋዴ፣ ጸሐፊና አርታኢ፣ የሳይንስ ሰው ሁሉ ነበሩበት። መስፈርት አልተሰጣቸውም። ድርሰቶቹን እንደየፍርዳቸው ዘጠኝ ደረጃ ላይ እንዲደለድሉ ብቻ ተነገራቸው። ውጤቱ ሲመጣ ከድርሰቶቹ 94 በመቶው ቢያንስ ሰባት የተለያየ ደረጃ አግኝተው ተገኙ። ከመቶ 34ቱማ ከአንደኛ እስከ ዘጠነኛ ያለውን ሁሉንም ደረጃ አግኝተዋል። አንዱ የላቀ ያለውን ሌላው የመጨረሻ አድርጎታል ማለት ነው።

የዲዴሪክ ቡድን እዚህ ላይ አላቆመም። አንባቢዎቹ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ በስሌት ሲፈትሹ አምስት ወገን ሆነው አገኟቸው። አንደኛው ወገን ሐሳቡን የሚያይ ነው፤ ሌላው የሰዋስውና የፊደል ግድፈትን፤ ሦስተኛው አደረጃጀቱን፤ አራተኛው የቃላት ምርጫውን፤ አምስተኛው ደግሞ ለዛውን፣ ጸሐፊው በጽሑፉ ውስጥ ይታይ እንደሆነ የሚያይ ነው። እኛን ይህ ግኝት እጅግ ያስገርመናል። አምስት ዓይነት አንባቢ አለ ማለት እኮ ነው! ጋዜጣ ላይ የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም፤ ያንኑ ጽሑፍ አንዱ አርታኢ አርዕስቱን ለውጦ ያልፈዋል፣ ሌላው ግማሹን ይቆርጠዋል፣ ሦስተኛው ጸሐፊውን ጠርቶ ቡና ይጋብዛል።

የፈተና ድርጅት ግን ከዚህ ግኝት ሌላ ነገር ነው ያነበበው። የአንባቢዎች አለመስማማት በሽታ ሆኖ ታየው። እውነቱን ለመናገር ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። የተማሪ ዕጣ ወረቀቱ ከ53ቱ በማን እጅ እንደገባ መወሰን የለበትም። መምህሩ ከቤቱ ተኮራርፎ በመጣ ቀን ፈተና ያስረከበ ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ መድኃኒት ተፈለገ፤ አራሚዎች አንድ አዳራሽ ተሰብስበው፣ የናሙና ድርሰቶች እየታዩ፣ ይህ አራት ነው፣ ይህ አምስት ነው እየተባሉ ይሠለጥኑ ጀመር። ድርሰቱን አንድ ጊዜ ቶሎ አንብበው ጠቅላላ ስሜታቸውን በአንድ ቁጥር ይሰጣሉ። ከሌሎቹ የራቀ ቁጥር የሚሰጥ አራሚ እየተጠራ ይስተካከላል። ስምምነት ተገኘ። የተገኘው ግን ሁሉም የተሻለ አንባቢ ሆኖ ሳይሆን ሁሉም አንድ ዓይነት አንባቢ ሆኖ ነው። ከአምስቱ ወገን ለዛ ፈላጊው አዳራሽ ውስጥ የሚናገርበት ጊዜ አልነበረውም።

በዚህ መሐል ነው ኤሊስ ፔጅ ብቅ ያሉት። ፔጅ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር የነበሩ፣ በኋላ በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ሥነ ልቦና ሊቅ የሆኑ ሰው ናቸው። በ1966 ጥር ላይ ፋይ ዴልታ ካፓን በተባለ የትምህርት መጽሔት፣ ድርሰት በኮምፒውተር የሚታረምበት ቀን ቀርቧል የሚል ጽሑፍ አወጡ። ብዙዎች ቅዠት መሰላቸው። ሰውዬው ግን የተነሱት ከክፋት አልነበረም፤ የመምህሩን ሸክም ስለሚያውቁት ነው። እስቲ እናስላው። 150 ተማሪ ያለው መምህር ለአንድ ድርሰት አሥር ደቂቃ ቢሰጥ 25 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያውም ለአንድ ዙር የቤት ሥራ። ውጤቱ ምንድን ነው? መምህሩ ድርሰት ማስጻፍ ይተዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳና ሰባ ሆነን የተማርን ሰዎች ይህን አናጣጥለውም። እኛ ዘንድ መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። በአገር አቀፍ ፈተና ላይ የእንግሊዝኛ ድርሰት አጻጻፍ ችሎታችን እንኳ የተለካው ክብ በእርሳስ በማጥቆር ነበር።

የፔጅ ዘዴ ብልህ ነበር፤ ለዚህም ነው እስከዛሬ የሚሠራበት። ኮምፒውተር የሐሳብን ጥራት ማየት እንደማይችል አልካዱም። ስለዚህ ሁለት ቃል ፈጠሩ። በድርሰቱ ውስጥ በእርግጥ ያለውን ባሕርይ፣ ማለትም የሐሳብ ፍሰት፣ የቃል አመራረጥ የመሳሰለውን "ትሪን" አሉት። ከዚያ ጋር አብሮ የሚገኝና ኮምፒውተር ሊቆጥረው የሚችለውን ምልክት ደግሞ "ፕሮክስ" አሉት። የቃላት ብዛት፣ የአንድ ቃል አማካይ ርዝመት፣ የነጠላ ሰረዝ ቁጥር፣ ብዙ የማይዘወተሩ ቃላት መኖር፣ እነዚህ ፕሮክስ ናቸው። ጭስ እሳት አይደለም፤ ጭስ ያለበት ግን ብዙ ጊዜ እሳት ይኖራል፤ እንደዚያ ነው ነገሩ። ሰዎች ያረሟቸው ድርሰቶች ለኮምፒውተሩ ይሰጡታል፤ እርሱም የትኛው ምልክት ከከፍተኛ ነጥብ ጋር እንደሚሄድ ይሰላል፤ ከዚያ አዲስ ድርሰት ሲመጣ ይገምታል። ስሌቱ ውስጥ የቃላቱ ብዛት አራተኛ ሥር እንኳ ገብቶ ነበር፤ ርዝመት ነጥብ ይጨምራል፣ እየበዛ ሲሄድ ግን ጭማሪው ያንሳል ለማለት ነው።

(በነገራችን ላይ ቃል መቁጠር በአማርኛ ቢሞከር ጉድ ይፈላ ነበር። "አልነገርናቸውም" አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛው ለዚሁ አምስት ቃል ይፈጃል።)

ሐሳቡ ሲወጣ መሣሪያው አልደረሰም ነበር። በ1960ዎቹ የተማሪ ድርሰት ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በቀዳዳ በሚነበቡ ካርዶች ላይ ከገለበጠው በኋላ ነው። አርሞ መገላገል ይቀላል! ስለዚህ ነገሩ ተማሪዎች ራሳቸው በኮምፒውተር መጻፍ እስኪጀምሩ ድረስ ሃያ ምናምን ዓመት ተኛ። በ1990ዎቹ ሲነቃ ግን ብቻውን አልነበረም፤ ፔጅ የድሮ ሥራቸውን አድሰው መጡ፣ ኢ.ቲ.ኤስ. ደግሞ ኢ-ሬተርን ሠራ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉ። በ1999 ኢ-ሬተር የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ፈተና በሆነው ጂማት ላይ ሥራ ጀመረ። አንድ ሰው ያርማል፣ ማሽኑም ያርማል፤ በጣም ከተለያዩ ሌላ ሰው ይጠራል።

ያኔም ዛሬም የሶፍትዌር ሻጮች የሚመኩበት አንድ ነገር አለ፤ ማሽኑ ከሰው ጋር በአንድ ነጥብ ልዩነት ውስጥ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይስማማል ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ግን እስቲ ቆም ብለን እናስብበት። ነጥቡ ከአንድ እስከ ስድስት ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚያገኘው ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ከሆነ፣ አንድም ወረቀት ሳይገልጥ ለሁሉም አራት እየሰጠ የሚሄድ ሰነፍ አራሚም ከእነዚህ ሁሉ ጋር በአንድ ነጥብ ልዩነት ውስጥ "ይስማማል"። መስማማት ማንበብን አያስረዳም።

ይህን ከማንም በላይ ያጋለጡት ሌስ ፔረልማን ናቸው። በኤም.አይ.ቲ. ለብዙ ዓመታት የጽሑፍ ትምህርትን የመሩ ሰው ናቸው፤ ቀልደኛም ናቸው፤ ቀልዳቸው ከብዙ ጥናት ይበልጥ ጎዳ። በ2012 ኢ-ሬተርን ሲፈትሹ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ለምን ናረ በሚል ርዕስ አንድ ድርሰት ጻፉ። ምክንያቱ ረዳት መምህራን በቅንጦት ስለሚኖሩ ነው፣ ከኮሌጅ ፕሬዚዳንት በብዙ እጥፍ ይከፈላቸዋል፣ የግል አውሮፕላንም አላቸው የሚል ነው። ማሽኑ ከስድስት ስድስት ሰጠ። የረዳት መምህር ደመወዝ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ሁሉ (አገር ሳይለይ) ስንት እንደሚሰጠው እንተወው። የድርጅቱ ሰዎች መልስ ነበራቸው፤ ሶፍትዌሩ የመረጃን እውነትነት አይለካም አሉ። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ምሩቃን ይህ መልስ ከጥያቄው ይብሳል። እውነት መሆን አለመሆኑ የማይጠየቅበት የማሳመኛ ጽሑፍ ምን ይባላል? እኛ ስም አለን ለእርሱ፤ በየቢሮው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በየሳምንቱ ይታተማል።

በ2014 ፔረልማን ከኤም.አይ.ቲ. እና ከሃርቫርድ ተማሪዎች ጋር ሆነው ባሰ። ባቤል የሚባል ፕሮግራም ሠሩ፤ እንደ ግንቡ ቋንቋ የሚደባልቅ። ሦስት ቃል ትሰጡታላችሁ፣ በሰከንድ ውስጥ አንድ ሙሉ ድርሰት ይተፋል። ዓረፍተ ነገሮቹ ረዣዥም ናቸው፣ ቃላቱ ከባባድ ናቸው፣ ትርጉም የላቸውም። ስለ ግላዊነት የሠራውን አንዱን ማይ አክሰስ ለተባለ የንግድ ማረሚያ ሲሰጡት 5.4 ከ6 አገኘ። ነገሩን ልብ በሉት፤ ማሽን ጻፈ፣ ማሽን አረመ፣ በመሐል ሰው አልነበረም። ይህ ቻትጂፒቲ ከመምጣቱ ስምንት ዓመት በፊት ነው።

ተከላካዮቹ በተለያየ ጊዜ የሚሰጡት አንድ ጠንካራ መልስ አለ። ይህ ሁሉ የፕሮፌሰሮች ጨዋታ ነው፤ ተራ ተማሪ ማሽን ለማታለል አይጽፍም፣ ለማታለል የሚበቃ እንግሊዝኛ ካለው ደግሞ ነጥቡ ይገባዋል ይላሉ። ግማሹን እንቀበላለን። ችግሩ ግን የሚያታልለው ተማሪ አይደለም፤ ሳያታልል የሚቀጣው ነው። በ2012 የኢ.ቲ.ኤስ. ተመራማሪዎች ራሳቸው ባወጡት ጥናት፣ ኢ-ሬተር ከዋናው ቻይና ለመጡ ተፈታኞች ሰው ከሚሰጣቸው በላይ፣ ለአፍሪካ አሜሪካውያን ደግሞ ሰው ከሚሰጣቸው በታች እንደሚሰጥ ታይቷል። በቃል የተጠና፣ ለየትኛውም ርዕስ የሚሆን ረጅም መግቢያና መደምደሚያ ማሽኑን ደስ ያሰኘዋል፤ ከብዙኃኑ ለየት ያለ አጻጻፍ ግን ከተማረባቸው ድርሰቶች ጋር አይመሳሰልለትም። አዲስ አበባ ውስጥ ቶፍል አሠልጣኞች "ቴምፕሌት" የሚያስጠኑት ለምን እንደሆነ አሁን ገባን? ክፍት ቦታውን ሙላ፣ "በአንድ በኩል" በል፣ "በሌላ በኩል" በል፣ ርዝመት ጨምር። አሠልጣኞቹን አንወቅስም። ገበያውን አውቀውታል።

አውስትራሊያ ከዚህ ሁሉ ተምራ ይሁን ፈርታ፣ የአገር አቀፍ የተማሪዎች ፈተናዋን ድርሰት በማሽን ለማሳረም የያዘችውን ዕቅድ በ2018 መጀመሪያ ተወችው። እዚያም የመምህራን ማኅበር ሪፖርት ያስጻፋቸው ፔረልማንን ነበር። አሜሪካ ግን ቀጠለች፤ ምክንያቱም ነገሩ መጀመሪያም መጨረሻም የገንዘብ ነው።

የቴክሳስን ጉዳይ ረዘም አድርገን ብናየው ይሻላል፤ በተለይ ዳላስና አካባቢው የአበሻ ከተማ ሆኗልና ልጆቻችንም አሉበት። ቴክሳስ የግዛቱን ፈተና ቀይራ ተማሪ በራሱ ቃል የሚጽፍባቸውን ጥያቄዎች ጨመረች። መልካም ነው፤ እኛም የምንመኘው ነው። ግን የሚጻፍ መልስ ሲበዛ አራሚ ያስፈልጋል። በ2023 ወደ ስድስት ሺህ የሚጠጉ ጊዜያዊ አራሚዎች ተቀጥረው ነበር። በ2024 የተቀጠሩት ከሁለት ሺህ በታች ሆኑ፤ ቀሪውን ኮምፒውተር ወሰደው። ሥርዓቱ ሰዎች ሁለት ጊዜ ባረሟቸው ሦስት ሺህ መልሶች ሠለጠነ፣ ከሚያርመው ሩቡን ሰው እንደገና እንዲያየው ተደረገ፣ በዓመት ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር ይቆጥባል ተባለ። የትምህርት ኤጀንሲው ይህ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አይደለም እያለ ደጋግሞ አስረዳ። ማስረዳቱ ትክክል ነው፤ ሐሳቡ የኤሊስ ፔጅ የ1966 ሐሳብ ነው፣ የኮምፒውተሩ ፍጥነት ብቻ ነው የተለወጠው።

የዳላስ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ውጤቱን ሲያይ አላመነም። ወደ 4,600 የሚሆኑ የፈተና ወረቀቶች በሰው እንዲታረሙ ጠየቀ። ከነዚህ ወደ 2,000 የሚሆኑት ነጥባቸው ከፍ ብሎ ተመለሰ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ እነዚህ በዘፈቀደ የተመረጡ አልነበሩም፤ አስተዳደሩ የጠረጠራቸውን ነው የላከው። ቢሆንም ሁለት ሺህ ልጅ ነው። ዳግም እርማት ደግሞ በነጻ የሚገኝ አይደለም፤ ነጥቡ ካልተለወጠ ጠያቂው ይከፍላል። ዳላስ ትልቅ ነው፣ ሊከፍል ይችላል። አንዲት ትንሽ የገጠር ወረዳስ? ሁለት ፈረቃ የሚሠራ፣ ቅጹን የሚያነብለት የገዛ ልጁ የሆነ አባትስ ልጄ በትክክል አልታረመም ብሎ የት ሄዶ ይናገራል? ከማሽን ጋር መከራከር አይቻልም። መምህር ቢሆን ቢያንስ ቢሮው ይኬዳል፣ "ኧረ በእናትዎ አንዴ ይዩልኝ" ይባላል።

ዛሬ በየኩባንያው እየገቡ ያሉት ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ከኢ-ሬተር አያት እጅግ ይበልጣሉ፤ 37 ጊዜ የተደገመ አንቀጽ አያመልጣቸውም፣ ስለ ረዳት መምህራን አውሮፕላንም ይጠረጥሩ ይሆናል። ያሠለጠናቸው ጥያቄ ግን አልተለወጠም፤ ሠልጣኙ አራሚ ይህን ስንት ይለው ነበር? ለዛ ፈላጊው አንባቢ አሁንም ከአዳራሹ ውጭ ነው። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ልጅ ኤጅኒዩቲ በተባለ ሶፍትዌር የታሪክ ትምህርት መልሱን ሲጽፍ ከ100 ሃምሳ ተሰጠው፤ ነጥቡ የመጣው በቅጽበት ነው። የታሪክ ፕሮፌሰር የሆነች እናቱ ማሽኑ ቁልፍ ቃላት ብቻ እንደሚፈልግ ጠረጠረች። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያም ከርዕሱ ጋር የሚሄዱ ቃላት ያለ ምንም ማያያዣ መደርደር፤ ልጁ መቶ ከመቶ ማግኘት ጀመረ። የተማረው ታሪክ አልነበረም፤ የማይሰማ ሰው እንዴት እንደሚናገሩት ነው።

የመጨረሻው ዜና ከማሳቹሴትስ ነው። በ2025 የግዛቱ ፈተና ድርሰቶች በማሽን ታርመው ጊዜያዊ ውጤታቸው ለትምህርት ቤቶች ተላከ። ሎዌል በምትባል ከተማ አንዲት የሦስተኛ ክፍል መምህርት በበጋው የተማሪዎቿን ድርሰቶች ተቀምጣ አነበበቻቸው። ነጥቡና ጽሑፉ አልገጠመላትም። ለኃላፊዎቿ ተናገረች፣ እነርሱ ለግዛቱ፣ ግዛቱ ለአራሚው ድርጅት። ሲፈተሽ በግዛቱ ውስጥ ወደ 1,400 የሚሆኑ ድርሰቶች የተሳሳተ ነጥብ ተሰጥቷቸው ተገኘ፤ ድርጅቱ ቴክኒካዊ ችግር ነው አለ፣ ነጥቦቹም ታረሙ። መምህርቷ እንድታርም ማንም አልጠየቃትም ነበር።